አንድ ጣት ከፍ ያለ ትከሻ

ሥራዬ ሰው ማልበስ ነው። ተከታታይ ድራማ ሲያልቅ በፍጥነት ከሚያልፉት ስሞች መካከል «አልባሳት» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው የኔ ነው። ማንም አያነበውም፤ እናቴ እንኳን ሳህን ለማንሳት የምትነሳው እዚያ ጋ ሲደርስ ነው። ቅር አይለኝም። ልብሱ ጎልቶ ከታየ ሥራዬን አበላሽቻለሁ ማለት ነው፤ ተመልካቹ ማየት ያለበት ሰውየውን ነው።

መርካቶ የሌለ ነገር የለም ይባላል፤ እኔም ለዓመታት ሳምን ኖሬ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ላገኘው ያልቻልኩት ነገር ገጠመኝ፤ በትጋት የተሰፋ መጥፎ ኮት። ድራማው ውስጥ አንድ የቀበሌ ጸሐፊ አለ። ለሰርጉ ያሰፋውን ኮት ልብስ ሰፊው አበላሽቶበታል፤ እሱ ግን ሳይገባው በኩራት ለብሶት ይዞራል። ሰልባጁን ሁሉ አገላበጥኩ። የሰልባጅ ኮት ልክህ አይሁን እንጂ ስፌቱ ንጹሕ ነው። አዲስ የሚገባው ርካሽ ኮት ደግሞ መጥፎ ቢሆንም ግራና ቀኙ እኩል መጥፎ ነው። እኔ የምፈልገው አንዱ ትከሻው ከሌላው ከፍ ያለ ኮት ነበር።

ስለዚህ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ሲኒማ ራስ ጀርባ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር እኔ ሳልወለድ ጀምረው የሚሰፉ ሽማግሌ ናቸው። ለአራት ድራማ ሰፍተውልኛል፤ ሥራዬን ግን አይወዱትም። አይፈረድባቸውም። አዲስ የሰፉትን ሱሪ ወስጄ በሻይ ቅጠል እቀቅለውና ጉልበቱን በጡብ ፈትጌ አስረጀዋለሁ። አንድ ቀን ይህን ሳደርግ አይተውኝ «እኔ እወልዳለሁ፣ አንቺ ትቀብሪያለሽ» ብለውኛል።

«ጋሼ፣ ዛሬ የተበላሸ ሥራ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። «ግራ ትከሻው በአንድ ጣት ከፍ ይበል፤ ኮሌታውም ከአንገት ይራቅ።»

«እያወቅሁ ላበላሽ?»

«ለድራማ እኮ ነው።»

«ሰው ድራማ ነው ብሎ ይተወዋል? የማን ስፌት ነው ነው የሚለው። ስም ከመቃብር በላይ ነው፣ ልጄ።» ትንሽ አሰቡና «በይ፣ የሰውየውን ልክ ትተሽልኝ ሂጂ» አሉኝ። እሺ ያሉኝ መሰለኝ።

በሳምንቱ ኮቱን በፌስታል ተቀብዬ ሮጥኩ። ቀረጻው ተጀምሯል፣ አብነት ሰፈር ጋ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ኮቱን አውጥቼ እንኳን አላየሁትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ተዋናዩ ለብሶት ሲወጣ ግን ያሰብኩት ሁሉ ነበረበት። ግራ ትከሻው ሽቅብ ወጥቷል፤ ኮሌታው ከአንገቱ ሸሽቷል፤ ከፊት ደግሞ አንዱ ጫፍ ከሌላው ዝቅ ብሏል። ይህን የመጨረሻውን እኔ አላዘዝኩም፤ የጋሼ ጨዋታ ነው ብዬ ወደድኩት። መብራት የያዘው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። አዘጋጁ ለኮቱ ብሎ አንድ ትዕይንት ጨመረ። በሙያዬ እንደዚያ ቀን የተመሰገንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ኮቱን ለካውያ ይዤ ስወጣ ምስጋናውን ላድርስ ብዬ ወደ ጋሼ ጎራ አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ዘርግተው በጠመኔ መስመር ያወጣሉ። ክር የሚሸጠው ጎረቤታቸው ከፋሲካ በኋላ ልጁን ሊድር ነው። የአባትየውንም የሰርግ ልብስ የሰፉት እሳቸው ስለነበሩ ይህን ሥራ ከሁሉ አስቀድመውታል።

«ጋሼ፣ ተአምር ነው የሠሩት» አልኳቸው። «ትከሻው፣ ኮሌታው፣ ያ ዝቅ ያለው ጫፍ ደግሞ! ሰው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ።»

ጠመኔውን አስቀመጡ።

«ምኑ ነው ያሳቃቸው?»

«ጠማማነቱ ነዋ።»

 የስፌት መኪናቸውን ጠርዝ በመዳፋቸው ጠረጉ፤ አቧራ ግን አልነበረበትም።

«እኔ እኮ ቀጥ አድርጌ ነው የሰፋሁት» አሉ። «እያወቅሁ ማበላሸት እጄ እምቢ አለኝ። ማበላሸቱን እሷ ታውቅበታለች፣ ወስዳ ታጣምመው ብዬ ነው።»

«እኛ ነን ያጣመምነው» ማለት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ውሸት ደግሞ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሱፍ ገና መቀስ አልነካውም። ብዋሽ ያ ልጅ ያንን ትከሻ ይዞ በሙሽሪት ዘመዶች ፊት ይቆማል፣ ቪዲዮ ቀራጩም ዕድሜ ልኩን የሚያየውን ያስቀርለታል። እውነቱን ብናገር ደግሞ ሽማግሌው የሚያጡት አንድ ኮት ብቻ አይደለም። የቱንም ለመምረጥ ድፍረት አልነበረኝም። ፌስታሉን ይዤ እዚያው ቆምኩ።

«አምጪው» አሉኝ።

ኮቱን ሰጠኋቸው። ከአንገቱ ስፌት እስከ እጅጌው በጣታቸው ለኩ፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ደግመው ለኩ። የፊቱን ሁለት ጫፎች ገጠሙና ወደ በሩ ብርሃን ወስደው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ክር መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ ስንት ጊዜ እንደሚሞክሩ እኔ ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ዓይኔ የሚሰፋው ላይ ነበር።

«ግራው ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አንድ ጣት።»

«አንድ ጣት።»

«ያዘዝሽኝን አድርጌልሻለሁ ማለት ነው» አሉና ሊስቁ ሞከሩ። ሳቁ አልመጣላቸውም።

አፈርኩ። ከማመስገኔ ብሰድባቸው ይሻል ነበር። አንድ ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ በእጃቸው ተይው አሉኝ።

ሱፉን በመስመሩ ላይ አጠፉት። የሙሽራው ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ውስጡ አስገቡና በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉት። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ልብስ ሰፊ አለ። ጋሼ በስሙ ጠርተውት አያውቁም፣ «ያ ጠጋኝ» ነው የሚሉት፤ የእግዜር ሰላምታ እንኳን በግድ ነው የሚለዋወጡት። ጥቅሉን ለእሱ እንዳደርስ እጄ ላይ አስቀመጡት።

«የሙሽራ ነው በይው። ልኩ ውስጡ አለ።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ደፉ ላይ ስደርስ መልሰው ጠሩኝ።

«ትከሻውን እንዲጠነቀቅ ንገ…» ብለው አቆሙ። ቆይተው «ተይው፣ እሱ ያውቃል» አሉኝ።