ነጠላዬን ላፕቶፑ ላይ ጣልኩበት

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ የልጅ ልጄን ላፕቶፕ በነጠላዬ ሸፈንኩት። አለቃዋ በላፕቶፑ ውስጥ ገና እያወራ ነበር።

ልጅቷ የምትሠራው እዚሁ ጀሞ፣ ቤታችን ሆና ነው። ቁርሷ እንደቀረበ ቀርቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ምሳ ልብላና ልመለስ» ብትለው ሰውየው ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ምን ያደክምሻል?»

ይቺን ንግግር አውቃታለሁ!

በሃምሳዎቹ መካኒሳ ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። የዚችን ልጅ አባት ሳጠባ የስፌት መኪናዬን በነጠላ እሸፍነዋለሁ። የሰፈሩ ሰው ነጠላውን ካየ ጨርቁን ይዞ ይመለሳል፣ አይነዘንዘኝም።

አንድ ቀን አንዲት የትልቅ ሰው ሚስት መጣችና ነጠላውን ራሷ ገልጣ ይህንኑ አለችኝ። ጨርቋን አጣጥፌ ሰጠኋትና መኪናዬን መልሼ ሸፈንኩት። ቀሚሷን ሌላ ቤት አሰፋች፤ እኔም በረሃብ አልሞትኩም።

«እማዬ፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው!» አለች የልጅ ልጄ።

«ያባርርሽ! መጀመሪያ ብዪ።»

ሰውየው ከነጠላው ሥር «ሄሎ? ይሰማል?» ይላል። ይሰማል እንጂ! ምሳ ላይ ነን።

ሳቀች። ስንት ጊዜዋ ከሳቀች! ጠግባ በላችና ነጠላውን በገዛ እጇ አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አላባረራትም።

እናንተስ፣ «ቤት ቁጭ ብለሽ» ስትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ። መልስ ያጣ ካለ ጀሞ ይምጣ፤ ነጠላ አውሰዋለሁ።