አንድ ዘለላ አደይ

እዚህ በሰው አገር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ባለው አፓርትመንታችን፣ ልጄ ሊዲያ ለትምህርት ቤት የታዘዘችውን አጭር ዶክመንተሪ ሶፋው ላይ ተጋድማ ስታይ፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እየፈታሁ ነበር፤ ቀና ያደረገኝ ከፊልሙ የመጣ የመቀስ ድምፅ ነው፣ እርጥብ አገዳ ሲቆረጥ የሚሰማው ያ ቀጭን «ቀጭ»። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ስለሆነ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ሁሌም ይቀድመኛል፤ ትቼው መቀሱን የያዘውን እጅ አየሁ። አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ለማስቀመጫ የምታሰናዳውን የአበባ ቅርንጫፍ ትቆርጣለች፣ ትጥላለች፣ አሁንም ትቆርጣለች። ለዚህም ፊልም ይሠራለታል? ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የማየው እናቴን ነበር።

ሆለታ፣ ከመንገዱ በታች በነበረችው የጭቃ ቤታችን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ አደይ አበባ በእቅፍ እያመጣ ቆርቆሮ ውስጥ ሲያጭቅ፣ እናቴ አንዲት ዘለላ ትመርጥና ቅጠሉን፣ በጎን የወጣውን እንቡጥ ሁሉ በጥፍሯ ቀንጥሳ፣ የተሰበረ እንስራ ገል ላይ ጭቃ አድርጋ ትተክላታለች፤ አንድ ቄጠማ ከጎኗ ዘንበል ታደርግና በበሩ ወደሚገባው ብርሃን ገሉን በአንድ ጣቷ ታዞረዋለች፤ ያኔ ከሣር ክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ እንኳ ለዚያች ቢጫ ሲል ቀስ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ በየዓመቱ በራፉ ላይ ቆመው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አበባውንም ጾም አስያዝሽው?» ይሏታል።

እናቴም ቀና ሳትል፣ «ይግቡና ቁጭ ብለው ይዩዋት እንጂ እትዬ» ትላለች።

የምትፈልገው ይኸንኑ ብቻ ነበር፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያይላት። የመጣው ሁሉ ስቆ ሄደ። አባቴማ በዓሉ ሲያልፍ ገሉን የዶሮ ውሃ ማጠጫ ያደርገዋል። እሷም ሞተች፤ አደዩ ይበቅልበት የነበረው ሜዳ ዛሬ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የፈረንጅ ጽጌረዳ ያበቅላል አሉ። ለጃፓናዊቷ ግን ካሜራ ተደቅኖላታል።

በማግስቱ ከሱፐርማርኬት አንድ እስር ጽጌረዳ ይዤ ገባሁና የኩሽና ጠረጴዛው ላይ ቆረጥኩ፣ ጣልኩ፣ አሁንም ቆረጥኩ።

«ዳዲ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለች ሊዲያ።

ብርጭቆው ውስጥ የቀረው እሾሃም ጭራሮና ጫፉ ላይ የተንጠለጠለ አንድ ቅጠል ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ የጣለችውን እየለቀምኩ ስለምጫወት የሚጣለውን አውቃለሁ፤ የምታስቀረውን በምን እንደምትለይ ግን እሷ ብቻ ታውቅ ነበር።

ሊዲያ ስልኳን አስቀመጠች፤ ወንበር ስባ ብርጭቆው ፊት ቁጭ አለችና ለረጅም ጊዜ አየችው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ደጅ ደጁን እያየች የጠበቀችው ይህን ነበር፤ ዕድሉ የደረሰው ግን ለእኔ ጭራሮ ነው።