ማዳበሪያ በጥቅምት

ባለፈው ሳምንት እዚህ አረብ አገር፣ አል ሙራቃባት ሰፈር ካለው ሱፐርማርኬት ዘይትና ሽንኩርት ይዤ ስወጣ፣ ከአንድ ባንክ የመጣች ወጣት በሩ ላይ አቆመችኝ። የደመወዝ ወረቀት ካለኝ ብድር በዚያው ቀን እንደሚለቀቅልኝ ነገረችኝ። ለምን እንደምፈልገው እንኳ አልጠየቀችኝም። እየሳቅሁ አለፍኳት፤ መንገዱን ስሻገር ግን አባዬ ትዝ አለኝና ሳቄ ጠፋ።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ፤ ሻርጃ በቤት ሠራተኝነት ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደመወዜን የምትይዝልኝ ማዳም ራሷ ነበረች፣ ውሌ ሲያልቅ አንድ ላይ ልትሰጠኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ዓርብ ዓርብ እንግዶቿ ሩዙንና ዓሣውን በልተው ሲሄዱ ስልኳን ትሰጠኝና አገር ቤት እደውላለሁ።

በሰኔ አንድ ዓርብ፣ ውጭው እሳት ሆኖ ኩሽናው በሄልና በደረቀ ሎሚ ሽታ እንደታፈነ ደወልኩ። ጎጃም ክረምቱ ገብቷል። አባዬ የሚያናግረኝ ከከተማው ሱቅ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

"መሬቱ ለሰለሰ?" አልኩት።

"ለስልሷል። ማዳበሪያው ነው የቀረ።"

የኛ አገር ገበሬ መሬቱን አስይዞ አይበደርም። ጎረቤታሞች ቡድን ሠርተው፣ አንዱ ለአንዱ ዋስ ሆኖ ነው ከብድርና ቁጠባ የሚወስዱት። አባዬም ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚዘራው።

"ቡድኑስ?"

"አወጡኝ።"

"ምነው?"

"አንቺ አለሽኛ! ልጁ አረብ አገር ያለች ሰው ምን ብድር ያሻዋል፣ ቦታውን ለሌለው ይልቀቅ አሉ። አልላከችልኝም ብዬ አላሳማሽ ነገር።"

ስልኩን ስመልስ ማዳምን ለመንኳት። "ማዳም፣ ፍሉሴን፣ የያዝሽልኝን ደመወዜን ስጪኝ፤ አባቴ ሊዘራ ነው።"

"ዋላሂ፣ ፍሉስሽ እኔ ጋ ነው፣ የትም አይሄድም" አለችኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ። "አሁን ብትልኪው ይበሉብሻል። ስትሄጂ ሁሉንም ትወስጃለሽ፤ ኸላስ፣ አለቀ።"

አባዬ አበዳሪ ሲያጣ እሷ ቁጠባ ቤት ሆነችብኝ። ያዘነችልኝ ከልቧ ነው፤ ይህ ደግሞ ባሰብኝ። ክፉ ብትሆን ኖሮ እናደድባት ነበር። ወደ ሳህኖቼ ተመልሼ እያጠብኩ አለቀስኩ፤ ሌላ የምችለው ነገር አልነበረም።

ዝናቡ አልጠበቀንም። አባዬ መሬቱን ከዚያው ቡድን ለሆነ ጎረቤቱ ምርቱን ሊካፈሉ ለብዙ ዓመት በእኩል ሰጠ። ክረምቱን ቤተሰቡን የሚያሳልፍበት ቢያጣ በሬዎቹንም ሸጠ። ጥቅምት ላይ ውሌ አለቀና ማዳም አንድ ዲርሃም ሳታጎድል ከፈለችኝ፤ ሁሉንም ላክሁለት። ማዳበሪያ በጥቅምት ምን ያደርጋል? ጤፉ በሌላ ሰው እጅ ተዘርቶ ዛላውን ጥሏል። አባዬ በገንዘቡ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰው። "አላልንም?" አሉ ጎረቤቶቹ ቀና ብለው እያዩ። ከዚያ ወዲያ ቡድን የሚያስገባው አላገኘም፤ የእኩሉ ውል እስኪያልቅ ደግሞ ጉልበቱ አለቀና መሬቱ እዚያው ጎረቤቱ እጅ ቀረ።

ግብርና የኢኮኖሚያችን ዋልታ ነው ሲሉ በዜና እሰማለሁ። አልክድም፣ እኔንም ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ዋልታ የሚሉት ሰው በሰኔ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ የሚያምነው አጥቶ ሲቀር አይቻለሁ።

ትናንት ደወልኩለት። እርጅናው ጆሮውን ባይነካውም ቃሉ እያጠረ ሄዷል።

"አባዬ፣ እርሻው እንዴት ነው?" አልኩት።

"የማን?" አለኝ።

ስለ ጉልበቱ ሕመም ጠየቅሁት።