የሦስት ኮምፒውተር ምስክርነት

ጂራታ ልደታ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ቤት የሰው ሰርግ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሲጭን የሚውል ሰው ነበር። ለሰው ሲሆን ይሳካለታል። ጣጣው የመጣው በራሱ ሰርግ ነው።

አማቱ አቶ ዱጉማ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ሰርጉ ካለፈ ስምንት ወር፣ የልጃቸውን የለሊሴን ኮንዶሚኒየም ደጃፍ አልረገጡም። «ልጄን ሲወስድ ጉልበቴን አልሳመም» ነው የሚሉት። ለሊሴ ደግሞ ልትወልድ ወር ቀርቷታል፤ አባቷ ቀድመው ካልመጡ አላምጥም ብላለች።

ጂራታ ጨነቀውና ቢሯቸው ሄደ።

«ስሜያለሁ አባባ። ቪዲዮው አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«እኔ ኮምፒውተር ላይ።»

«እሱማ ዘመድህ ነው። እዚህ ቢሮ ያሉት ሦስቱ ኮምፒውተሮች ይመስክሩ። ቃላቸው አንድ ከሆነ እሁድ እመጣለሁ።»

ጂራታ ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ጫነና ገጹን ከፈቱት። አንደኛው ኮምፒውተር ጥቁር ሳጥን ብቻ አሳየ። ሁለተኛው ዘፈኑን አሰማ፣ ሰው ግን የለም። ሦስተኛው መጀመሪያ ሌላ ፕሮግራም ጫንልኝ አለ።

«አንዱ አላየሁም፣ አንዱ ሰማሁ እንጂ አላየሁም፣ አንዱ ሌላ ሰው ጥሩ አለ፤» አሉ አቶ ዱጉማ። «እንዲህ ያለ ምስክር ዳኛ ፊት ብታቀርብ አንተኑ ያስሩሃል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት የሚከፍትልን ብሮውዘር የሚባለው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ የሚበላውን ሌላው አይበላም። ድግስ ላይ ለጿሚው ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ እንደሚሠራው ማለት ነው። ጂራታም ያንኑ አንድ ቪዲዮ በሦስት ዓይነት አዘጋጅቶ ደረደረው፤ ሁሉም የሚስማማውን ያንሳ ብሎ። ሳምንት ፈጀበት። እግረ መንገዱንም፣ እሱ ጋ የክብሪት ቀፎ የምታክለውን ምስል አማቱ በደንብ እንዲያዩ አተለቃት።

ሐሙስ ዕለት ሦስቱም ቢሮ ውስጥ እኩል ከፈቱ። መዝገብ ቤቱ በሙሉ ወንበሩን ትቶ መጣ። ጂራታ በሱፍ ልብስ ጎንበስ ሲል ታየ፤ ጉልበትም ተሳመ። እሱ ደስ ብሎት ዞር አለ።

አቶ ዱጉማ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ይሄ ነጭ ካልሲ የማን ነው?»

አቶ ዱጉማ በዕድሜያቸው ነጭ ካልሲ አጥልቀው አያውቁም። እግሩ ጎናቸው ተቀምጦ የነበረው የጎረቤታቸው የፈቃደ ነው። ሙሽራው በሰውና በጭብጨባ ተዋክቦ አንድ ወንበር ስቷል።

ጂራታ ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ሄደ። ነጭ። ሦስተኛውም ነጭ።

«ቃላቸው አንድ ነው፤» አሉ አቶ ዱጉማ። «በአንተ ላይ ሆነ እንጂ ጎበዝ ምስክሮች ናቸው።»

ጂራታ እዚያው ፋይሉ መሀል ጎንበስ ብሎ ቀኝ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ቀጥሎ ግራውን። ሽማግሌ ሲሳም «ተው፣ ተነስ» ማለት አለበት፤ እሳቸው ግን ግራው እስኪሳም ጠብቀው ነው ያሉት።

እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ የለሊሴ በር ተንኳኳ። ጂራታ ከፍቶ በመጀመሪያ ያየው እግራቸውን ነው። ነጭ ካልሲ አድርገዋል።

«ደግሞ እንዳትስት ብዬ ነው፤» አሉና ገቡ።