የመጨረሻው በረዶ ላይ

ኮላዬ ውስጥ በረዶው ቷ! ብሎ ሲሰነጠቅ ልጅ ሆኜ የኖርንባት የሆላንድ ከተማ ዛንዳም ትዝ አለችኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የክረምቱ በረዶ ሊያልቅ ሲል አባዬ ቤታችን አጠገብ ያለው የረጋ ቦይ ላይ ይዞኝ ወጣ። ቀዳዳ በስቶ ባርስ የሚሉትን ዓሣ ሲያጠምድ፣ በረዶው ላይ የተኛው ውሃ ጫማዬን አራሰው።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ፤ እኛ ቤት ለመፍረስ የቀረው አንድ ጠብ ብቻ ነው» አለኝ። ባይገባኝም እሺ አልኩ።

ቤት ስንገባ ግን ዓሣውን ከፍ አድርጌ «እማ፣ በረዶው ከሥሬ ሲሰነጠቅ ሰማሁት!» አልኩ በደስታ።

እማ ወደ አባዬ ዞረች። «በጾሙ ዓሣ ልትበላ ልጄን እዚያ ላይ ታቆማታለህ?»

በሳምንቱ አባዬ ከቤት ወጥቶ ለብቻው ሮተርዳም ገባ። ዛሬም ልጠይቀው ስሄድ «እናትሽ ስለኔ ምን አለች?» ይለኛል።

«ምንም» እለዋለሁ። ምስጢር መጠበቅ አሁን እችልበታለሁ።