በኪሎ የተጻፈ ናፍጣ

ዛሬ ዳባት ውስጥ ሰው በቦክስ መታሁ። ከንፈሩን ሰነጠቅሁት።

መብራት ጠፍቶ የእህቴ አራስ ልጅ ኦክስጅን የሚያገኘው በክሊኒኩ ጄኔሬተር ነበር። ጄኔሬተሩ አራት ሰዓት ሠርቶ ጸጥ አለ። የሕፃኑ ፊት ጠቆረ።

ነርሷ የአየር ፊኛውን በእጇ እየጨመቀች ስታስተነፍሰው፣ እኔ የጄኔሬተሩን ሠራተኛ አንገቱን አንቄ ከግድግዳ አጋጨሁት።

«አምስት ሰዓት ገደማ ይሠራል አላልክም?»

«ጋሼ፣ ሃያ ኪሎ ጀሪካን ሙሉ ቀድቻለሁ! እዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በሰዓት 4.2 ኪሎ ይበላል ነው የሚለው!»

ያን ጊዜ ነው የመታሁት። እኛ ዘንድ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን «ሃያ ኪሎ» እንለዋለን። ለውኃ ልክ ነው። የናፍጣ ሊትር ግን 840 ግራም ብቻ ይመዝናል። 4.2ን ለ0.84 አካፍሉት፤ በሰዓት አምስት ሊትር ነው። ሃያው ሊትር በአራት ሰዓት አለቀ!

ናፍጣ ተጨምሮ ሞተሩ ተነሣ፤ ሕፃኑም ተረፈ።

ወረቀቱን ልቀድደው ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የራሴ የእጅ ጽሑፍ ነው። አምና ክሊኒኩ ጠይቆኝ ከጄኔሬተሩ የእንግሊዝኛ መመሪያ ተርጉሜ፣ ወደ ሊትር ሳልቀይር የለጠፍኩት እኔው የተማርኩት ሰውዬ ነኝ።

ሠራተኛው ደሙን በእጅጌው እየጠረገ «እንኳን ልጁ ተረፈልዎ» አለኝ።

እናንተስ በራሳችሁ ጥፋት ሰው መትታችሁ ታውቃላችሁ? ምን ብላችሁ ይቅርታ ጠየቃችሁ?