በርበሬ የለመደ ነቀዝ

ዛሬ መርካቶ ስንዴ ልገዛ ሄጄ፣ እጄ ላይ የሚሄደውን ነቀዝ ለነጋዴው ባሳየው «አይዞዎት እማማ፣ በበርበሬ ጭስ ታጥኗል» አለኝ።

ሳቄ መጣ።

በጃንሆይ ጊዜ አባቴ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የእህል መጋዘን ነበረው። አንድ ክረምት ስንዴውን ነቀዝ ወረረው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በር ዘግቶ በርበሬ ማጨስ።

አባቴ ግን ብልህ ሰው ነው! ደህናው በርበሬ ምን በወጣው ይቃጠላል? መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሄዶ ማንም የማይገዛውን፣ ነቀዝ የበላውን በርበሬ በርካሽ ይዞ መጣ።

ሲጨስ ሰፈሩ በሙሉ አለቀሰ። ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላ አዘቅዝቀው የመጡም ነበሩ፤ እነሱም እንባ አልቸገራቸውም።

በሦስተኛው ቀን መጋዘኑ ሲከፈት፣ ነቀዙ ከኛ የተሻለ ጤና ላይ ነው።

አሮጊቷ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከተረፈው በርበሬ አንድ ዛላ ሰበር አድርገው ውስጡ የሚርመሰመሰውን ነቀዝ አዩና አባቴን «ስንዴውን ብቻውን ሲበላ አሳዝኖህ ነው ማባያ ያመጣህለት?» አሉት።

የዛሬውን ነጋዴም «ያጨስከው ምን ዓይነት በርበሬ ነው?» አልኩት።

«ለጭስ ደህናውን ማን ያቃጥላል እማማ? የነቀዘውን ነዋ!» አለኝ በኩራት።

እናንተስ ቤት ለነቀዝ ማባያ ያቀረበ ብልህ አለ? ጻፉልኝ፣ አባቴ ብቻውን አይሁን።